አልጋ ላይ ብዙ መቆየት እንቅልፍ አያመጣም

ጥያቄ፦ አራት ወር ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ማታ 3 ሰዓት እተኛና በየቀኑ ማለት ይቻላል እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እገላበጣለሁ። ቀን ስለሚደክመኝ በጊዜ እተኛለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እስከ ረፋድ አልነሳም። ጓደኛዬ የራሷን የእንቅልፍ ኪኒን ልስጥሽ ብላኛለች። ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኪኒኑን አትውሰጂ። ላንቺ የታዘዘ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሱስ ሆነው ይቀራሉ።

በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ሐኪሞች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይሉታል። ያንቺም እዚያ ደርሷል። እኔን ያሳሰበኝ ግን በጊዜ መተኛትሽና ማርፈድሽ ነው። ድካሙ ይገባኛል፣ ማንም እንዲህ ያደርጋል፣ ግን ችግሩን የሚያቆየው ይሄው ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀምና እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል፤ አርፍደሽ ከተነሳሽ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና አልበቃም። ከዚያ ስትገላበጪ፣ ሰዓት ስታዪ፣ ስትናደጂ አንጎልሽ አልጋውን ከጭንቀት ጋር ያያይዘዋል። ብዙ ሰው ሶፋ ላይ ሲያንጎላጅ ቆይቶ አልጋ ውስጥ ሲገባ እንቅልፉ ብን ብሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከጠዋት ጀምሪ። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ እሁድም ቢሆን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሺ። ማታ ዓይንሽ ሲከብድ ብቻ ተኚ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ካልመጣ (በግምት ነው፣ ሰዓቱንስ ከአጠገብሽ አርቂው) ተነስተሽ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቀለል ያለ ነገር አንብቢ፣ ሲመጣ ተመለሺ። አሁንም እምቢ ካለ እንደገና ተነሺ። መጀመሪያ ላይ ከበፊቱ የባሰ ሊደክምሽ ይችላል፤ ብዙዎች የሚተዉት እዚህ ጋ ነው፣ እባክሽ አትተዪው፣ ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል። እንቅልፍ እየታገለሽ ግን መኪና አትንጂ።

ቡና ከምሳ በኋላ ይቅር። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጠጥም ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊቱን ይቆራርጠዋል።

ይህ አካሄድ ሐሳብንና ልማድን የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምና አካል ነው፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከር መክሯል። የሚያሠለጥንሽ ባለሙያ ካገኘሽ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ተኝተሽ የምታንኮራፊና ትንፋሽሽ ቆም የሚል ከሆነ፣ ማታ ማታ እግርሽን የሚያቁነጠንጥሽ ከሆነ፣ ወይም ምንም ነገር ደስ አልልሽ ካለ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ። እነዚህ የየራሳቸው ሕክምና አላቸው።