ያ የጉንጭ አጥንቱ ያፈጠጠው ሰውዬ ማነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ነው የምጽፍላችሁ። ጁራሲክ ፓርክ ቁጥር 2 ላይ ያለው መላጣው አዳኝ፣ ዘ ዩዥዋል ሰስፔክትስ ላይ ኮባያሺ የሚባለው ጠበቃ፣ ከዲካፕሪዮ ጋር ሮሚዮና ጁልየት ላይ የሰራው ቄስ፣ እኔ ሶስቱም አንድ ሰው ናቸው እላለሁ እሱ በፍፁም ይላል። በምሳ ተወራርደናል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ምሳህን ብላ ወንድሜ፣ አንድ ሰው ናቸው። ስሙ ፒት ፖስልትዌይት ይባላል፣ እንግሊዛዊ ነው። ጓደኛህም ግን አይፈረድበትም፣ ሶስቱ ፊልሞች የወጡት 1995፣ 1996 እና 1997 ላይ ነው (አመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ደግሜ አልጽፍም)፣ ማለትም ሰውየው ያው እድሜው ያው ፊቱ ሆኖ በተከታታይ ሶስት አመት ሶስት የማይገናኙ ሰዎች ሆኖ መጣ ማለት ነው። አዳኙ ለብር ደንታ የለውም፣ የሚፈልገው ያንን ትልቁን ወንድ ዳይኖሰር ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ ስራ ሲሰጡት ከሞት ጋር የዋልኩት ይበቃኛል ብሎ ይሄዳል፣ ለኔ ፊልሙ ውስጥ ሰው የሚመስል ሰው እሱ ብቻ ነው። ቄሱ ደሞ ጀርባው ላይ ትልቅ የመስቀል ንቅሳት አለው። ኮባያሺ ጭራሽ ስሙ የጃፓን፣ መልኩ የእንግሊዝ፣ አነጋገሩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ይሄ ለምን እንደሆነ ፊልሙን ላላዩት አላበላሽም።

ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ በዛው በ1997 ጁራሲኩ ላይም አሚስታድ የሚባለው ፊልሙ ላይም አሰርቶት ሲያበቃ "የአለማችን ምርጡ ተዋናይ" ብሎታል። ፒት ግን ይሄን ሲያነሱበት ሁሌ ይስቅ ነበር፣ ስፒልበርግ ያለውኮ "የፒት ችግሩ የአለም ምርጥ ተዋናይ ነኝ ብሎ ማሰቡ ነው" ነው፣ እናንተ ናችሁ ያጣመማችሁት ይል ነበር።

ጥያቄ፦ ኢን ዘ ኔም ኦፍ ዘ ፋዘርን አይቼ ሳለቅስ አደርኩ። እሱ አባትየው ኦስካር አልተሰጠውም? ታሪኩስ እውነት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ታጭቶ ነበር፣ በረዳት ተዋናይ ዘርፍ። ቶሚ ሊ ጆንስ በዘ ፊውጂቲቭ ወሰደው። ቶሚ ሊ ጆንስን እወደዋለሁ፣ ግን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አይቶ በዛ ውሳኔ የሚስማማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ታሪኩ በመሰረቱ እውነት ነው። በ1974 ጊልፎርድ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሰው አለቀ፣ ፖሊስ ጌሪ ኮንለንን ይዞ ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ በግድ እንዲያምን አደረገው፣ አባቱ ጁሴፔ ደሞ ለልጁ ጠበቃ ሊፈልግ ከቤልፋስት ሲመጣ እሱንም ያዙት፣ አባትየው ፈንጂ ነክተሃል ተብሎ ከዘመድ ጋር ተፈረደበት። ጁሴፔ ሳንባው የታመመ ሰው ነበር፣ እስረኛ እንዳለ በ1980 ሞተ። ልጁ ንፁህ ነህ ተብሎ የወጣው በ1989 ነው፣ የአባትየው ፍርድ የተሰረዘው ደግሞ በ1991፣ ከሞተ ከስንት አመት በኋላ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ አባትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሲታሰሩ ያየሽው የፊልም ሰሪዎቹ ፈጠራ ነው፣ በእውነቱ እንደዛ አብረው አልታሰሩም። በዚህ ብዙ ሰው ወቅሷቸዋል፣ እኔ ግን ያ ክፍል ባይኖር ፊልሙ አይኖርም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ልጁን የሚሰራው ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ይጮሃል ይሳደባል ግድግዳ ይመታል፣ ፒት ደሞ መቁጠሪያውን ይዞ እያሳለ ቁጭ ይላል፣ አይንሽ የሚሄደው ግን ወደሱ ነው።

ይሄን ካየሽ በኋላ የግድ ዲስታንት ቮይስስ ስቲል ላይቭስን እይ። በ1988 የወጣ፣ ቴረንስ ዴቪስ የራሱን የሊቨርፑል ቤተሰብ ታሪክ የሰራበት ፊልም ነው፣ እዛም ፒት አባት ነው፣ ግን ሚስቱን የሚደበድብ፣ ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ የሚደነግጡለት አባት። የገና ዋዜማ ማታ ልጆቹ ተኝተው በፍቅር አይን ያያቸዋል፣ በበነጋው ደሞ ተሰብስበው ገበታ ላይ ቁጭ ባሉበት የጠረጴዛውን ልብስ ይዞ ከነምግቡ ይጎትተውና አፅዱ ብሎ ይጮሃል። በሁለቱ አባቶች መሃል አምስት አመት ብቻ ነው ያለው። ጨካኙን ሲሰራ እንድንጠላው ብቻ አላደረገም፣ ደጉንም መልአክ አላደረገውም፣ ጁሴፔ እኮ አንዳንዴ ያሰለቻል፣ ይነዘንዛል፣ ልክ እንደ እውነተኛ አባት።

ጥያቄ፦ የቲያትር ተማሪ ነኝ። በዚህ ፊትህ መሪ ገፀ ባህሪ አይሰጥህም ይሉኛል። እናንተ ደሞ የፊታቸው መልክ የማያምር ፈረንጆችን ታደንቃላችሁ። እሱ እንዴት ነው የተሳካለት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ፊትህን አላየሁትም፣ ስለዚህ አልፈርድም። የሱን ግን ልንገርህ።

ፒት የተወለደው በ1946 ዋሪንግተን ነው፣ ሊቨርፑልና ማንችስተር መሃል ያለች የፋብሪካ ከተማ፣ ቤተሰቦቹ ሰርቶ አደር ካቶሊኮች ነበሩ። መጀመሪያ ቄስ ልሁን ብሎ ሴሚናሪ ገባ፣ ተወው። ቀጥሎ አስተማሪ ሆነ። ከዛ ነው ብሪስቶል ያለው የኦልድ ቪክ የቲያትር ትምህርት ቤት የገባው። ከዛ በኋላ የሆነው ነገር ነው እንግዲህ ዋናው፣ ሎንዶን ሄዶ ፊልም አልፈለገም፣ በ1970ዎቹ ሊቨርፑል ያለው ኤቭሪማን የሚባል ቲያትር ውስጥ ገባ። እነማን ጋር? ጁሊ ዋልተርስ፣ ቢል ናይ፣ ጆናታን ፕራይስ፣ አንተኒ ሼር። ኋላ ስመ ጥር ተዋናዮች ሆኑ፣ ያኔ ግን ማንም አያውቃቸውም። ደራሲዎቹ እነ አለን ብሌስዴልና ዊሊ ራስል ነበሩ፣ ስለዛችው ከተማ ሰው ይጽፋሉ፣ እነሱ ይጫወታሉ። ቲያትሩን ጭነው መጠጥ ቤት ድረስ ሄደው ያሳዩ ነበር፣ ቢራ ይዞ ጀርባውን ያዞረብህን ሰው እንዲያዳምጥህ ማድረግ ምን አይነት ትምህርት እንደሆነ አስበው። አንድ ሰሞን ወታደር፣ በሚቀጥለው ሽማግሌ፣ በሚቀጥለው ሴት ልትሆን ትችላለህ፣ መልክ የሚጠይቅህ የለም፣ ቡድኑ ያለው ሰው ያው ነዋ።

ከዛ 1980ዎቹን ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ውስጥ ሰራ። ያ ዲስታንት ቮይስስ ያልኩህ ፊልም ሲወጣ 42 አመቱ ነበር። አርባ ሁለት! ስሙን ቀይር ብለውት ሁሉ ነበር፣ ይሄን ረጅም ስም በመብራት ለመጻፍ የቲያትር ቤቱ የኤሌክትሪክ ወጪ አይችለውም እየተባለ ይቀለድበት ነበር፣ እምቢ አለ።

እና ፊትህ ሀብትህ ነው ምናምን ብዬ ልሸነግልህ አልፈልግም። ኤቭሪማን አይነት ቤት የኖረው የመንግስት ድጎማ ስለነበረ ነው፣ ወጣት ተዋናይ በትንሽ ደሞዝ እየኖረ ስራውን የሚማርበት ጊዜ ነበረው፣ አንተ ጋ ያ ነገር ከሌለ ጥፋቱ የፊትህ አይደለም። ከሱ የምትወስደው ግን አንድ ነገር አለ፣ ትንሽ ሚና ሲሰጡት ሰውየው ከዛች ትዕይንት በፊት የት እንደነበር ያውቃል። ሻርፕ የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከሾን ቢን ጋር ሃክስዊል የሚባል ክፉ ወታደር ሆኖ ሰርቷል፣ ሃክስዊል በልጅነቱ ተሰቅሎ የተረፈ ነው፣ ስለዚህ አንገቱ ይንዘፈዘፋል፣ የእናቱን ምስል ባርኔጣው ውስጥ አድርጎ ባርኔጣውን ያወራዋል። ይሄን ሌላ ሰው ቢሰራው ኮሜዲ ይሆን ነበር፣ እሱ ሲሰራው ያስፈራል።

መሪ ሚና ደሞ አልተሰጠውም ያለህ ማነው? ታውቆ፣ ሆሊውድ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ስካራሙሽ ጆንስ የሚባል የአንድ ሰው ቲያትር ይዞ ሀገር ላገር ዞሯል፣ መቶ አመት የሞላው ክላውን ሆኖ፣ መድረኩ ላይ ብቻውን። በ2008 ደግሞ ሊቨርፑል የአውሮፓ የባህል ከተማ ስትባል እዛው ኤቭሪማን ተመልሶ የሼክስፒርን ንጉስ ሊር ተጫወተ፣ ቀጥሎ ሎንዶን ያንግ ቪክ የሚባል ቲያትር ቤት ወሰዱት። ሎንዶን ላይ ጀምሮ ትልቅ ቤት መምረጥ ይችል ነበር።

ጥያቄ፦ በህይወት አለ? (ስም ያልጻፈ)

መልስ፦ የለም። ጥር 2 ቀን 2011 (የፈረንጅ ጃንዩወሪ) በካንሰር ሞተ፣ 64 አመቱ ነበር። ከዛ በፊት ባለው አመት ኢንሴፕሽን ላይ ሊሞት አልጋ ላይ የተኛው ባለሃብት እሱ ነው፣ ዘ ታውን ላይ ደሞ አበባ ቤት ከፍቶ ከጀርባ ሌቦች የሚያሰማራው ሽማግሌ፣ አበባውን እየከረከመ ሲያስፈራራ ማየት ነው። ለዛ ሚና ባፍታ (የእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት) ያጨው ከሞተ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱን ብቻ እይ ብትሉኝ የቱን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብራስድ ኦፍ፣ 1996። እንግሊዝ ሀገር ዮርክሸር ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሊዘጋ ነው፣ ሰራተኞቹ የማርሽ ባንድ አላቸው፣ መሪው ዳኒ ፒት ነው፣ ሳንባው በከሰል አቧራ ያለቀ ሽማግሌ። ሰው ስራ ሊያጣ ነው እሱ ውድድሩን ነው የሚያስበው፣ ትንሽ ያናድዳል እንዲያውም። ታሪኩ የተነሳው ከግራይምቶርፕ ነው፣ ያ ቦታ የእውነት ባንድ አለው፣ ፊልሙ ላይ የምትሰማውን ሙዚቃ የተጫወቱትም እነሱ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ዋንጫውን አልቀበልም ብሎ የሚያደርገው ንግግር አለ፣ ሙዚቃ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፣ ከሰው ጋር ሲወዳደር ግን ምንም አይደለም የሚል ነው ሃሳቡ። ቸምባዋምባ የሚባለው ባንድ ያንን ድምፁን ቆርጦ ተብተምፒንግ የሚለው ዘፈኑ የአልበም ቅጂ መግቢያ ላይ አስገብቶታል፣ ዘፈኑን ሳታውቀው አትቀርም፣ መውደቅና መነሳት ያለበት። ሰብታይትል ያለው ኮፒ ፈልግ ግን፣ የዮርክሸር እንግሊዝኛ ነው፣ ሎንዶን የኖሩ ሰዎች ራሱ ግማሹን ነው የሚሰሙት።