የአጋም ፍሬ የምትለቅምን ወፍ ፎቶ ስለማንሳት ለቀረበው ጥያቄ

ጠያቂያችን ከግቢያቸው የአጋም አጥር ላይ ፍሬ የምትለቅመውን ወፍ ለማንሳት ሦስት ሳምንት ሞክረው ያገኙት የደበዘዘ ጅራትና ቅጠል ብቻ መሆኑን ገልጸው፣ ትልቅ ሌንስ መግዛት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ደብረ ማርቆስ በወላጆቼ ግቢ አንድ ዓመት ሙሉ ጅራት ሳነሳ ስለከረምኩ ችግርዎን አውቀዋለሁ። ያሳሳተኝ ወፏን በካሜራ መከተሌ ነበር።

የአጋም ፍሬ በአንድ ጊዜ አይበስልም፤ አረንጓዴው፣ ቀዩና ጠቁሮ የበሰለው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ወፏ የጠቆረውን ለቅማ ብትሄድም ወደዚያው ቅርንጫፍ ስለምትመለስ፣ የበሰለ ፍሬ በውጭ በኩል የያዘና ከኋላው አራት አምስት ሜትር ያህል ባዶ የሆነ ቅርንጫፍ አስቀድመው መርጠው፣ ካሜራውን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ አድርገው ይጠብቁ። ከ5 ሜትር ርቀት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ሆኖም በዚህ ርቀት ኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ) ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ፎከሱ ደረቷ ላይ ካረፈ ዓይኗ ሊደበዝዝ ይችላል፤ አንዷን የፎከስ ነጥብ ዓይኗ ላይ ያሳርፉ። ወፏ ፍሬውን ቀንጥሳ በመንቆሯ ጫፍ ይዛ ከመዋጧ በፊት ያለችው ቅጽበት እጅግ አጭር ስለሆነች፣ የሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አያውርዱ፤ ለዚህ ሲባል አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ወደ 1600 ቢወጣ አይጨነቁ።

ራሷ ጥቁር ጥላ መስሎ የሚወጣው ከኋላዋ ሰማይ ሲሆን ነው። ጥቂት ፈቀቅ ብለው ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ቅጠል ከኋላዋ እንዲሆን ያድርጉ። ጊዜው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ፀሐይም ከጀርባዎ ትሁን፤ ከዚያ በኋላ የእሾሁ ጥላ ፊቷ ላይ ያርፋል። በጥቅምት ውርጭ ነጭ ጋቢ ለብሼ የተቀመጥኩ ጊዜ አንዲትም ወፍ አልወረደችልኝም፤ ጥቁር ካፖርት ለብሼ በማድቤቱ መስኮት ሳነሳ ግን እናቴ ምጣድ እያሰማች እንኳ አልሸሹም። የወፍ ድምፅ በስልክ ማሰማቱን አልመክርም፤ ከመብላት ያስተጓጉላታል።

በሁለተኛ ደረጃ የጠየቁት፣ አንዷ ጥቁር ሌላዋ ቡናማ ቆብ ያደረጉት ግራጫ ወፎች፣ በእኔ ግምት የአንድ ዝርያ ወንድና ሴት ናቸው። በአውሮፓ ተራብተው የብርዱን ወራት እኛ ዘንድ የሚያሳልፉ፣ በእንግሊዝኛ ብላክካፕ የሚባሉ ናቸው። እነዚህ ቡልቡል ከምትባለው ሌላዋ ፍሬ ለቃሚ ወፍ ይልቅ ወደ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ ብለው ስለሚለቅሙ፣ ለእነሱ ሲሆን ካሜራውን ከአጥሩ ወገብ ጋር ትክክል አድርገው ዝቅ ያድርጉት፤ በቅጠሎቹ መካከል ክፍት ቦታ የሚገኘው ከዚያ ነው።