ኮምቦልቻ ሆነሽ ለፌዴራል ጨረታ ስትመዘገቢ ክሊራንሱ ላይ ንቂ

ሰላም እህቴ። «ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ፣ የፌዴራል ጨረታ ለመወዳደር የት ልመዝገብ? አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው ወይ?» ላልሽው እኔ ልመልስልሽ። ደሴ ላይ የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ነው ያለኝ። ስፌትም ይሁን ብየዳ፣ ወረቀቱ ላይ ስንደርስ መከራችን አንድ ነው።

አብሽሪ፣ ለመመዝገብ አዲስ አበባ መሄድ ቀርቷል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ አሁን በኢንተርኔት በሚሠራ የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሲስተም ነው፣ ኢጂፒ ይሉታል። በአቅራቢነት የምትመዘገቢውም፣ ሰነድ የምታወጪውም፣ ዋጋ የምታስገቢውም እዚያው ነው። «አዲስ አበባ ሰው አለኝ፣ እኔ አስመዘግብልሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ብርሽን ይዘሽ ዞር በይ። ደግሞስ ትልቁ የፌዴራል ገዢ ደጃችን ላይ አይደል እንዴ? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፣ በጀቱ የፌዴራል ነው። የከተማ አስተዳደሩና የክልል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ግን ሌላ መንገድ አለው፣ አታደባልቂው።

በተራ ልንገርሽ፦

1. ንግድ ፈቃድሽ ላይ የተጻፈውን ዘርፍ ጨረታው ከሚጠይቀው ጋር አስተያዪው። የማይገናኝ ከሆነ አስቀድመሽ ዘርፉን አስጨምሪ፣ ገምጋሚ የሚጥልበት ሰበብ አያጣም። እድሳቱንም «ያለቅጣት እስከ ታኅሣሥ ነው» ብለሽ አታሳድሪው። ጨረታው መስከረም ላይ ቢወጣ ያልታደሰ ፈቃድ ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው?

2. ስምሽ ቲን ላይ፣ ንግድ ፈቃድ ላይ፣ ባንክ ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። እኛ አገር መሐመድ በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። አንዱ ጋ ሁለት ኤም፣ ሌላው ጋ አንድ ኤም ካለ ዛሬውኑ አስተካክዪ። የቫት ምዝገባም አብዛኛው ማስታወቂያ ይጠይቃል።

3. የግብር ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለብሽ የሚመሰክረው ደብዳቤ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው።

ግብሬን በጊዜው የምከፍል ሰው ነኝ፣ አንድም ቀን ቅጣት የለብኝም። የጠረጴዛና ወንበር ጨረታ ወጥቶ ክሊራንስ ልጠይቅ ሄድኩ (የቢሮውን ስም ልተወው)። ደብዳቤው ሲወጣ «ለንግድ ፈቃድ እድሳት» ይላል። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ያልኩህ ለጨረታ ነው» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ፣ ሻዩን በማንኪያ እያማሰለ «ክሊራንስ ያው ክሊራንስ ነው፣ ቀጣይ!» አለ። ኃላፊው ጋ ስሄድ ስብሰባ ናቸው፣ ስመለስ ሲስተም የለም። ኢጂፒ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፣ እንደ ድሮው ፖስታ ይዞ ሳጥኑ ጋ መሮጥ የለም። ያለኝን አስገባሁ። ዋጋ ሲከፈት ዝቅተኛው የኔ ነበር። ግምገማው ላይ «ለጨረታ የተሰጠ ክሊራንስ አላቀረበም» ተብዬ ተሰረዝኩ። ሻዩን የሚያማስለው ልጅ ዛሬም እዚያው መስኮት ላይ አለ፣ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ በቃል አትጠይቂ። ማመልከቻ ጻፊ፣ «በመንግሥት ጨረታ ለመወዳደር» የሚለውን አስምሪበት፣ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም አስመቺ። ያኔ ያመናጨቀሽ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደብዳቤው የሚያገለግልበትን ጊዜም እዚያው ቆመሽ አንብቢ፣ ጨረታው ሳይከፈት ያለቀ ክሊራንስ ይዘው የወደቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ቁጥሩን ተውኩት፣ ልቀጥል። ስትወዳደሪ የምታስይዢው ጨረታ ማስከበሪያ ላይ የኛ ሰው ያለችውን ብር ሲፒኦ (ባንክ የሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ውስጥ አስሮ ዕቃ መግዣ ያጣል። አንቺ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀሽ ከሆነ ያደራጀሽ አካል የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ ሊተካልሽ ይችላል። መጀመሪያ ግን የጨረታ ሰነዱ ላይ የሚለውን እዪ። የባንክ ዋስትና የምታሠሪ ከሆነ ደግሞ «ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ» የምትለዋ መኖሯን ሳታረጋግጪ ከባንኩ አትውጪ።

በሌላ ጨረታ ሳሸንፍ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከአዲስ አበባ የመጡትን ትልልቅ ድርጅቶች ጥዬ ነው። ዕቃውን በአይሱዙ ጭነን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ረዳቱ የወንበሮቹን እግር በካርቶን እየጠቀለለ «ጋሼ፣ አንዱ ቢጫር ወየውልን» ይል ነበር። አንድም አልተጫረም። አሁንም ተማሪ ይቀመጥባቸዋል፣ ብየዳው የእጄ ነው።

ካሸነፍሽ በኋላ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ትጠየቂያለሽ፣ ዋጋ ስትሞዪ ይሄን ካላሰብሽ ትርፉ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ርክክቡ ወደ ሰኔ ማለቂያ እንዳይገፋ ታገዪ፣ በጀት ከተዘጋ ክፍያሽ ወዲያና ወዲህ ሲንገላታ ይከርማል። ዕቃውን ያስረከብሽ ቀን ንብረት ክፍል «ነገ ነይና እንቆርጥልሻለን» ቢልሽ እሺ እንዳትይ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኙ) ተቆርጦ፣ ብዛቱ ከውሉ ጋር ተመሳክሮ፣ ቅጂው እጅሽ እስኪገባ ከመጋዘኑ በር አትንቀሳቀሺ።