«ከከፋህ መጥቼ እወስድሃለሁ»

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተራራ ላይ ባለች ጎጆ አምስት ሌሊት ሊያድር ነው። መኪና አይደርስም፤ ስልክም አይሠራም። ማታ ሲያለቅስ አግኝቼው «ከከፋህ መጥቼ እወስድሃለሁ» አልኩት። ባለቤቴ «ልጁን አልጫ አደረግሽው» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። ጥፋተኛው ማን ነው?

መልስ፦ ቃል መግባትዎ ስሕተት ነበር፤ የባለቤትዎ ንግግር ግን ይብሳል።

ልጅዎ ከቃልዎ የሰማው «እንደማልችለው እናቴም ታውቃለች» የሚለውን ነው። እዚያ ሲደርስም ቦታውን በመላመድ ፋንታ መንገድ መንገዱን ሲያይ ይውላል፤ መኪና ከማይደርስበት ደግሞ እርስዎም ከተፍ አይሉም።

የቤት ናፍቆት በቀን፣ ዳገት ሲወጡና እንጨት ሲለቅሙ ብዙም አያስቸግርም። የሚበረታው መብራት ጠፍቶ ሁሉም ጸጥ ሲል ነው። ስለዚህ ልምምዱም የሌሊት ይሁን፦ ከጉዞው በፊት ሁለት ሦስት ሌሊት አያቱ ወይም አክስቱ ዘንድ ይደር፤ እርስዎም አይደውሉ። (ይህ ከልጁ ይልቅ እርስዎን ሊከብድዎት ይችላል።)

ከዚያ በፊት ግን የሚፈራው ምን እንደሆነ ይጠይቁት። «ጉዞውን» ካለ ገና አልነገረዎትም። ገደሉ ነው? በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት መውጣቱ ነው? ሌሊት ሽንት ያመልጠውና እንዳይታወቅበት ነው? ወይስ አጠገቡ የሚተኛው ልጅ ነው? ለጨለማው የእጅ ባትሪ ይበቃል። ሽንቱን ለሐኪምና ለአንድ አስተማሪ በምስጢር መንገር ነው። የሚያስፈራራው ልጅ ካለ ግን የድፍረት ጉዳይ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ መኝታቸውን ሳይለያይ አይላኩት።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ወጣቶችን ከቤት አርቆ ተፈጥሮ ውስጥ እየፈተኑ የማስተማርን ዘዴ ካስፋፉት አንዱ ጀርመን የተወለደው መምህር ኩርት ሃን ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ፣ ወጣቶችን በተራራና በባሕር ጉዞ የሚያሠለጥነውን የአውትዋርድ ባውንድን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ካቋቋሙት መካከልም ነበር። እዚያም ቢሆን ወጣቶቹ በቡድን ሆነው እየተረዳዱ ነበር የሚፈተኑት። «አልጫ» የተባለ ልጅ ግን ሲከፋው ለማንም አይናገርም፤ ተራራ ላይ ደግሞ ዝም ያለ ልጅ ነው የሚያሳስበኝ።

አሁን ቃልዎን ያንሱ። መጀመሪያ አስተማሪውን ያነጋግሩ፤ ልጅ ቢታመም እንዴት እንደሚያወርዱትም ይጠይቁ። ከዚያ ልጅዎን እንዲህ ይበሉት፦ «ያን ማታ ደንግጬ ነው። ልወስድህ አልመጣም። ሲከፋህ ግን አስተማሪህን ቀስቅሰው፤ ተነጋግረናል።»

ሻንጣውን አባቱ አብረውት ያዘጋጁ፤ በመነሻው ቀንም እሳቸው ይሸኙት። እርስዎ ቤት ይሰናበቱት።