በር ለበር ወንጌልን ስለ ማድረስና ቤተ ክርስቲያን ስለ መትከል

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነን ቤት ለቤት እንመሰክራለን። ብዙዎች በራቸውን ይዘጉብናል፤ ሁለት ቤተሰቦች ግን ቃሉን መማር ጀምረዋል። መሪያችን በዚያ ሰፈር አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንትከል ይላል። ቤት ለቤት መዞር መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው? ለመትከልስ ጊዜው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጌታ ድካማችሁን ይባርክ። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች «በጉባኤም በየቤታችሁም» እንዳስተማራቸው ያሳስባቸዋል (ሐዋ. 20፥20)። ይህን የተናገረው ግን ሦስት ዓመት በእንባ ሲመክራቸው ኖሮ ነው፤ በየቤታቸው የገባው የሚያውቁት ሰው ሆኖ ነው።

ጌታም ሰባውን ደቀ መዛሙርት ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ «ከቤት ወደ ቤት አትተላለፉ» ብሏቸዋል (ሉቃ. 10፥7)። በዚህ ቃል ቤት ለቤት መመስከር የተከለከለ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። የተቀበላቸውን ቤት ትተው ሌላ ማረፊያ እንዳያማርጡ ነው። እናንተም እነዚያን ሁለት ቤተሰቦች አጥብቃችሁ ያዙ።

እኔ በወጣትነቴ ያንኳኳሁትን በር በደብተር እቆጥር ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ የሚያለቅስ ሕፃን በትከሻዋ ይዛ አዳመጠችኝ። ያጠናሁትን ሁሉ ተናግሬ፣ በራሪ ወረቀት ሰጥቻት ሄድሁ። ልጁ ምን ሆኖ እንደሚያለቅስ ግን አልጠየቅኋትም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሩን የዘጋባችሁን ሰው ሰላም ብላችሁ እለፉ፤ አትከራከሩት።

ስለ ተከላው ልድያን አስቢ። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ወንዝ ዳር ለተሰበሰቡ ሴቶች ተናገረ፤ ጌታም ከመካከላቸው የነበረችውን የልድያን ልብ ከፈተ፤ ጳውሎስም ከወኅኒ ሲወጣ ወንድሞችን ያገኛቸው በእርስዋ ቤት ነው (ሐዋ. 16)። አዳራሽና ድምፅ ማጉያ ኋላ ይደርሳል። አሁን ያላችሁ የቤት ኅብረት ነው፤ እርሱም ትንሽ ነገር አይደለም። አምነው የተጠመቁ፣ የጌታን እራት አብረው የሚቆርሱ፣ መንጋውን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ያሏቸው ሲሆኑ ቤተ ክርስቲያን ብላችሁ ጥሯቸው። ጳውሎስና በርናባስም በየቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችን የሾሙት ወደ ደቀ መዛሙርቱ ተመልሰው ሲጎበኟቸው ነው (ሐዋ. 14፥23)።

መሪያችሁን ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ በሰፈሩ ሌላ የክርስቲያኖች ጉባኤ አለ? ካለ አስቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ። ጳውሎስ በሌላው ሰው መሠረት ላይ ላለመሥራት ይጣጣር ነበር (ሮሜ 15፥20)። የሌላውን ምእመን ወደ ራስ መሰብሰብ ተከላ አይባልም።

በሚመጣው ቅዳሜ አዲስ መንገድ አትጀምሩ። ወደ እነዚያ ሁለት ቤተሰቦች ያለ በራሪ ወረቀት ሂዱ፤ ቁጭ በሉ፤ ኑሯቸውን ጠይቋቸው። ኅብረቱን በቤታቸው ለመቀበል ፈቃደኞች ከሆኑም እነርሱው ይንገሯችሁ።