ኢንተርንሺፕ ለምትወጡ የሕግ ተማሪዎች፦ ከጊዜ ቀጠሮ መዝገብ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን በወንጀል ፍትሕ ማሻሻያ ላይ ለኢንተርንሺፕ የምትወጣ አንዲት የሕግ ተማሪ «ከመግባቴ በፊት የትኛውን የፖሊሲ ሰነድ ላንብብ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በአገራችን ስለ ቅድመ ክስ እስር ብዙ ይባላል፤ መዝገብ ገልጦ ቀኑን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰነዱ ይቆይ፤ የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ፣ ማለትም ፖሊስ ተጠርጣሪውን አስሮ ለመመርመር ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበትንና ዳኛው የሚወስንበትን መዝገብ አንብቡ።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ያዛል። ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። የተሻረው የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ በየቀጠሮው ቢያንስ 28 ቀን ቢፈቅድም ድምሩን በ4 ወር ገድቦት ነበር። በተራ ስርቆት የተጠረጠረ ሰው ይህ ጣሪያ እንኳ የለውም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

መዝገቡ እጃችሁ ሲገባ ከዳኛው ትእዛዝ በፊት የመርማሪውን ማመልከቻ ፈልጉ። «የምስክር ቃል መቀበል ይቀረናል፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣልንም» የሚለው ምክንያት በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርቦ በሦስተኛውም ቃል በቃል ከተደገመ፣ ቀኑ ያለ ሥራ አልፏል ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(4) የሚፈቅደው ለምርመራው የግድ አስፈላጊ የሆነውን ጊዜ ብቻ ነው። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ችሎት የቀረበበትን፣ የተጠየቀውንና የተፈቀደውን ቀን፣ ምክንያቱን ለየብቻ መዝግቡ። ዋስትና ከተከለከለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 67 የትኛው ምክንያት እንደተጠቀሰ ጻፉ፦ ግዴታውን አይፈጽምም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ወይስ ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል? ከተፈቀደም የገንዘቡን መጠንና የተለቀቀበትን ቀን አትርሱ፤ ዋስትና ተፈቅዶለት ገንዘቡን አጥቶ የሚቀመጥ ሰው አለና።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ቀን ላይ ነው። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብታስገቡ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ሆኖ ሳለ ጃንዋሪ 31 ስላለው ሁለት ይላችኋል። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለዩ። ዓመቱን በ365 አባዙ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ደምሩበት፣ ወሩን በ30 አባዝታችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ ቀኑን። የሁለት ቀናትን ውጤት ስትቀናንሱ ትክክለኛው ልዩነት ይወጣል፤ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት የዘመነ ሉቃስ ቀን እንኳ አትጠፋም። የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበትን የ48 ሰዓት ገደብ ስታሰሉ ደግሞ ሰዓቱ የጠዋት ይሁን የማታ አረጋግጡ፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ የጉዞ ጊዜም አይቆጠርም።

መዝገብ ቤቱ ያቀበላችሁን ብቻ አትውሰዱ። በአንድ ቀን ታስረው የተገኙትን ብቻ ከቆጠራችሁ ረጅም ጊዜ የቆዩት ይበዙባችኋል፤ በሦስተኛው ቀን የተለቀቀው አይታይም። በአንድ ወር ውስጥ የተከፈቱትን መዝገቦች ሁሉ ወይም በየአምስተኛው እየዘለላችሁ ውሰዱ። ስም አትጻፉ፤ ኮድ ስጡ፣ ኮዱን ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍበት።

ስለ አለባበስና ሰዓት ማክበር አልነግራችሁም። የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ከእኛ ትፈጥናላችሁ፤ የሚያሳስበኝ ሠንጠረዡ ሳይሞላ ግራፉን መሥራታችሁ ነው።

ሰነዱ ይቆይ ብዬ ነበር፤ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19፣ የሥነ ሥርዓቱን ቁጥር 59፣ 63 እና 67 ሳታነቡ ከቤት አትውጡ። የዩኒቨርሲቲያችሁን የትብብር ደብዳቤ ማኅተሙ ተደርጎበት በሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወደ ሬጅስትራሩ (መዝገብ ቤቱ) የሚመሩት ነው፣ ሌላው ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ተጽፎበት እጃችሁ ላይ ይቅር። ምክረ ሐሳባችሁን ስትጽፉም «ሕጉ ይሻሻል» ብላችሁ አታቁሙ፤ ከቁጥር 59 የትኛው ቃል እንደሚቀየርና የቀኑ ድምር ስንት ላይ እንደሚገደብ፣ ከቆጠራችሁት መዝገብ ተነስታችሁ ጻፉ።