ኒውክለሱ ተሰነጠቀ፣ ተሸረፈ ወይስ ተሰባበረ?

ጥያቄ፦ ስለ ኒውክለር ፊዚክስ፣ ማለትም ስለ አቶም እምብርት (ኒውክለስ)፣ አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሁለት የወርቅ ኒውክለሶች ፊት ለፊት ተላትመው ተሰባበሩ» ብዬ ብጽፍ፣ አርታኢዬ «ተሰነጠቁ» ብሎ አረመው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። አርታኢው ቃሉን ከየት እንዳመጣው ግን ይገባኛል። ኒውክለስ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የዩራኒየም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ጀርመን ውስጥ ኬሚስቶቹ ሃንና ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን (ከኒውክለስ ቅንጣቶች አንዱ ነው) ሲደበድቡ ባሪየም የተባለ ቀለል ያለ ንጥረ ነገር አገኙ። ኒውክለሱ ለሁለት መከፈሉን ያብራሩት ፊዚሲስቶቹ ማይትነርና ፍሪሽ ናቸው።

እዚያ ላይ «ለሁለት ተሰነጠቀ» ያስኬዳል። «ለሁለት» የምትለዋን ግን አይጣሏት። ብርጭቆ ተሰነጠቀ ሲባል ገና አልተለያየ ይሆናል፤ ዩራኒየሙ ግን ተለያይቶ በየፊናው ሄዷል። «እኩል ለሁለት»ም አይበሉ። ዩራኒየም 235 (ቁጥሩ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው) አንድ ኒውትሮን ሲውጥ፣ ለምሳሌ ባሪየም 141ና ክሪፕቶን 92 ሆኖ 3 ኒውትሮን ይረጫል። አንዱ ስንጣቂ ከሌላው በጣም ይከብዳል። «ሲውጥ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ኒውትሮኑ ዝግተኛ ከሆነ «ገጨው» ማለት ማጋነን ይመስለኛል።

ፈጣን ፕሮቶን (ሌላው የኒውክለስ ቅንጣት) ከባድ ኒውክለስን ሲመታ ነገሩ ይለያል። ጥቂት ኒውትሮንና ፕሮቶን ያስፈነጥርና ትልቁን አካል ይተወዋል። ለዚህ «ሸረፈው» ልክክ ይላል፤ የሚገርመኝ ማንም አለመጠቀሙ ነው። በሕዋ ያለው ቤሪሊየም የተባለ ንጥረ ነገር በአብዛኛው እንዲህ ያለ ሽራፊ ነው። የኮስሚክ ጨረር (በሕዋ በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዙ ቅንጣቶች) ከካርቦንና ከኦክስጅን ኒውክለሶች ጋር እየተጋጨ የፈጠረው ነው።

ወደ እርስዎ ወርቅ እንምጣ። ሁለት ከባድ ኒውክለሶች ፊት ለፊት ሲላተሙ መጀመሪያ ይታመቃሉ፣ ይግላሉ። ከዚያ ተለጥጠው ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይለያያሉ። «ሰበረ» «ሰባበረ» ሲሆን መካከለኛዋ ፊደል ትደገማለች፤ ድርጊቱም አብሮ ይበዛል። ስለዚህ «ተሰባበሩ» ቦታውን ይዟል። ውጤቱንም «ስባሪ» ሳይሆን «ስብርባሪ» ይበሉት። «ተሰነጣጠቁ» እንዳይሉ ብቻ፤ እሱ ስንጥቁ በዛ እንጂ ተለያየ አይልም።

ጉልበቱ ከዚያም ካየለ ደህና ቁርጥራጭ እንኳ አይተርፍም። አብዛኛው ወደ ነጠላ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ ወደ ቀላል ኒውክለሶችም ይበተናል። ያኔ «ብትንትናቸው ወጣ» ቢሉ አልቃወምም።

አንድ ነገር ግን ያጣሩ፤ ግጭቱ እውነት ፊት ለፊት ነበር? ጠርዝ ለጠርዝ ከሆነ የሚጎዳው የተደራረበው ክፍል ነው። የቀረው ጉማጅ በነበረበት አቅጣጫ፣ ከቀድሞው ብዙም ባልተለየ ፍጥነት ይቀጥላል። ይህ ከሆነ «ተላትመው» የሚለውን ያውጡና «ተጨራርፈው አለፉ» ብለው ይጻፉ።